ደለል የቀበራት ኤፌሶን

ኤፌሶን የሚለው ስም ለኢትዮጵያዊ ምእመን እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ መስከረም 12 ቀን ስንክሳር ሲነበብ፣ ሁለት መቶ ኤጲስ ቆጶሳት በዚያች ከተማ ተሰብስበው ንስጥሮስን እንዳወገዙ ይሰማል፤ ነሐሴ 20 ቀን ደግሞ በዳክዮስ ዘመን በዋሻ ተኝተው በቴዎዶስዮስ ዘመን የነቁት ሰባቱ ደቂቅ ይታሰባሉ፤ በቅዳሴ ከሚነበቡት የጳውሎስ መልእክታት አንዱ ለኤፌሶን ሰዎች የተጻፈው ነው፤ በራእየ ዮሐንስም ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ቀድማ የምትጠራው እርሷ ናት። ይሁን እንጂ ስሟን እንዲህ አዘውትሮ የሚሰማ ሰው ከተማይቱን በዓይነ ሕሊናው ሲሥላት፣ ጉባኤና ዋሻ ብቻ ያሉባት፣ ገበያና ወደብ የሌላት፣ የመጽሐፍ ከተማ አድርጎ ነው። በመንገዶቿ ላይ በእግሩ ያለፈ ሰው የሚያገኛት ኤፌሶን ግን ሌላ ናት፤ የነጋዴዎች፣ የአንጥረኞችና የመርከበኞች፣ በአደባባይ ተሰብስቦ መጮህን የለመደ ሕዝብ የሚኖርባት የባሕር በር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ431 ዓ.ም. የተደረገውን ጉባኤ በሙሉ ልብ ለመረዳት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ይህችን ሁለተኛይቱን ኤፌሶን ማወቅ እንደሚገባው፣ ቦታውን ካየሁ ወዲህ አጥብቄ አምናለሁ።

የከተማይቱ ፍርስራሽ ዛሬ በቱርክ አገር፣ በኢዝሚር አውራጃ፣ ሰልቹክ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ይገኛል። ኢዝሚር ራሷ በራእየ ዮሐንስ ሰምርኔስ ተብላ የተጠቀሰችው ጥንታዊት ከተማ ስትሆን፣ ከእርሷ እስከ ሰልቹክ ያለው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማልዶ ከባስማኔ ጣቢያ በባቡር የተሳፈረ መንገደኛ ፀሐይ ሳትበረታ ደርሶ፣ ቀኑን በፍርስራሹ መካከል ውሎ፣ ማታ ለመመለስ ይችላል። አብረውኝ የተጓዙት በመጻሕፍተ ሊቃውንት ትርጓሜ ብዙ ዘመን ያስተማሩ አንድ አረጋዊ መምህር ነበሩ፤ ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ ኢስታንቡል መጥተው ሳለ፣ የእስክንድርያው ቄርሎስ ስለ ሃይማኖት የተከራከረበትን ስፍራ ሳያዩ ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ ስለ ተመኙ፣ መንገዱን አብረን ልንሄድ ተስማማን።

ከጣቢያው ወርደን በመጀመሪያ የወጣነው አያሶሉክ ወደሚባለው ኮረብታ ነው። በዚህ ላይ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ6ኛው መቶ ዓመት፣ የወንጌላዊው ዮሐንስ መቃብር ነው ተብሎ በሚታመንበት ስፍራ ያሠራው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ፤ ጉልላቶቹ ወድቀዋል፣ የጡብና የእብነ በረድ ግድግዳዎቹ ግን በየቦታው ቆመዋል። መምህር ከመቃብሩ ስፍራ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ፤ ፍቁረ እግዚእን በግእዝ እያመሰገኑ ረዘም ያለ ጸሎት አደረሱ፤ በአጠገባችን ያልፉ የነበሩ ጎብኚዎችም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ። ከዚያ ከፍታ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው የብዙ ዘመናትን ሥራ ባንድ ጊዜ ያያል፤ ከኮረብታው ግርጌ በ1375 የተሠራው የኢሳ ቤይ መስጊድ፣ ከጥንታዊቱ ከተማ በመጡ ዓምዶች ተደግፎ ቆሟል፤ ከእርሱ ወዲያ በሜዳ መካከል አንድ ዓምድ ብቻውን ይታያል፤ ከዚያም ወዲያ ሁለት ተራሮች፣ በመካከላቸውም ዋናዋ ከተማ፤ ከሁሉ በኋላ እስከ ባሕር የሚደርስ ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ። ይህ ሜዳ በጥንት ዘመን ባሕር ነበረ። ይህን ልብ ያላለ ሰው የኤፌሶንን ታሪክ ምንም ያህል ቢያነብ አይገባውም፤ ከተማይቱ በዘመኗ ሁሉ የሸሸውን ባሕር ተከትላ ከስፍራ ወደ ስፍራ የተዛወረች፣ በመጨረሻም መከተል ተስኗት ወደዚሁ ኮረብታ ተመልሳ ያረፈች ናትና።

ብቻውን የሚታየው ዓምድ የቆመው በክረምት ውሃ በሚተኛበት ረግረግ ላይ ነው፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ከልዩ ልዩ ዓምዶች ቍርጥራጭ ተለቃቅሞ የተተከለ ሲሆን፣ ሽመላ በጫፉ ላይ ጎጆ ሠርታበታለች። ጥንታውያን ከሰባቱ የዓለም ድንቅ ሥራዎች አንዱ ብለው የቈጠሩት የአርጤምስ ቤተ መቅደስ የነበረው እዚህ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊንዮስ የሕንጻውን ርዝመት 425፣ ወርዱን 225 ጫማ፣ የዓምዶቹን ብዛት 127፣ ቁመታቸውን 60 ጫማ አድርጎ ጽፏል፤ መሠረቱም ከምድር መናወጥ ይድን ዘንድ ሆን ተብሎ በረግረግ ላይ እንደ ተጣለ፣ ከበታቹም የተወቀጠ ከሰልና የበግ ጠጉር እንደ ተነጠፈበት ይተርካል። ቀድሞ የነበረውን ቤተ መቅደስ ለማሠራት በሀብቱ ስመ ጥር የሆነው የሊድያ ንጉሥ ክሮይሶስ ዓምዶችን አበርክቶ ነበር፤ ያም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ356 ዓመት ሄሮስትራጦስ የተባለ ሰው ስሙን ለማስጠራት ብቻ በእሳት አጋየው። ታላቁ እስክንድር በ334 ወደ ኤፌሶን በደረሰ ጊዜ፣ ስሙ በሕንጻው ላይ የሚጻፍለት ከሆነ የአዲሱን ሥራ ወጪ ሁሉ ሊከፍል ፈቅዶ ነበር፤ የከተማይቱ ሰዎች ግን አምላክ ለሌላ አምላክ ቤት ሊሠራ አይገባውም የሚል ብልኀት ያለበት መልስ ሰጥተው፣ ንጉሡን ሳያስቈጡ ሥራውን በራሳቸው ገንዘብ ፈጸሙት። ቤተ መቅደሱ የመሥዋዕት ስፍራ ብቻ አልነበረም፤ ነገሥታትና ነጋዴዎች ገንዘባቸውን አደራ የሚያኖሩበት ግምጃ ቤት፣ የተሳደደም ሰው የሚጠጋበት መማፀኛ ነበረ። ከወርቅና ከብር ድብልቅ ከተሠሩት የዓለም የመጀመሪያ መሐለቆች መካከል ብዙዎቹ በ1904ና በ1905 በዚሁ ቤተ መቅደስ መሠረት ሥር ተቈፍረው መገኘታቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ይህ ሁሉ ክብር እስኪረሳ ድረስ በምድር ውስጥ ጠፍቶ ነበር። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ተርትል ውድ በ1863 ፍለጋውን ሲጀምር፣ ቤተ መቅደሱ በየት በኩል እንደ ነበረ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፍንጩን ያገኘው በከተማይቱ ቴአትር ውስጥ ከተቀረጸ ረጅም የጽርእ ጽሑፍ ነው፤ በ104 ዓ.ም. ጋይዮስ ዊብዮስ ሳሉታሪስ የተባለ ባለጸጋ የወርቅና የብር ምስሎችን ለከተማይቱ ሲያበረክት፣ ምስሎቹ ከቤተ መቅደሱ ወጥተው በየትኛው በር እንዲገቡ፣ በየትኛውም በር እንዲመለሱ ሥርዓቱን በዝርዝር አጽፎ ነበር። ውድ በሮቹን ፈልጎ አገኘ፤ ከበሮቹ የሚነሣውንም የድንጋይ ንጣፍ መንገድ እየተከተለ ቈፈረ፤ እ.ኤ.አ. በ1869 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ቀን ከ6 ሜትር ደለል በታች የቤተ መቅደሱን የእብነ በረድ ወለል ነካ። ያገኘው የተቀረጸ ዓምድ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መዘክር ይታያል፤ ከዚያ በኋላ በኦስትርያውያን ቍፋሮ ከተገኘው ከፊሉ ቪየና ነው። የሕንጻን አካል ከተተከለበት ምድር ነቅሎ ባሕር ማሻገር በዚያ ዘመን እንደ ነውር ባይቈጠርም፣ ጎብኚው ዛሬ በረግረጉ ዳር ቆሞ የቀረውን ሲያይ ልቡ ማዘኑ አይቀርም፤ የእኔም አዝኗል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ላይኛው በር ሄድን፤ ከዚያ የገባ ሰው መንገዱ ቍልቍለት ስለ ሆነለት ከተማይቱን ከራስጌዋ ወደ ግርጌዋ ያለ ድካም ያያታል። ይህችን በሁለት ተራሮች መካከል የተዘረጋችውን ከተማ የመሠረታት ከእስክንድር የጦር አለቆች አንዱ የነበረው ሊሲማኮስ ነው፤ በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ይኖር የነበረው ሕዝብ ነባር ቤቱን ለቆ ወደ አዲሱ ስፍራ እንዲዛወር ቢያዝዘው እንቢ ስላለው፣ ዝናብ እስኪዘንብ ጠብቆ የቈሻሻ ውሃ መውረጃዎቹን አስደፈነና የሕዝቡ ቤት በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ ሕዝቡም ወዶ ተዛወረ ብሎ የጂኦግራፊ ሊቁ ስትራቦን ጽፏል። ሊሲማኮስ ከሞተ በኋላ ከተማይቱን የግብፁ ንጉሥ ሣልሳዊ በጥሊሞስ ያዛት። ይህን ስም የጠቀስሁበት ምክንያት አለኝ፤ በአዱሊስ ወደብ ቆሞ የነበረው፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን ነጋዴው ኮስማስ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ የዚሁ ንጉሥ ነው፤ ከያዛቸው አገሮችም መካከል ኤፌሶን የምትገኝበትን ኢዮንያን በስም ይቈጥራል። በቀይ ባሕር ዳር ያለ የኛ ወደብና በኤጌ ባሕር ዳር ያለች ይህች ከተማ በአንድ ዘመን የአንድ ንጉሥ ዜና ተሰምቶባቸዋል ማለት ነው።

የላይኛው አደባባይ የመንግሥት ሥራ የሚካሄድበት ነበረ። የከተማይቱ ሸንጎ ይሰበሰብበት የነበረው ትንሹ ቴአትር፣ የማይጠፋ እሳት ይነድበት የነበረው የአስተዳደር ቤት፣ ለንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያኖስ ቤተ ሰብ የታነጸው ቤተ ጣዖት ሁሉም በዚያ ነበሩ። በአስተዳደሩ ቤት ፍርስራሽ ውስጥ በ1956 የተገኙት የአርጤምስ ሐውልቶች ዛሬ በሰልቹክ ቤተ መዘክር ቆመዋል፤ ከእነርሱም አንዱ ሰው በጥንቃቄ እንደ ቀበረው ሆኖ ነበር የተገኘው። ደረታቸውን የሞላው እንቍላል የሚመስለው ጌጥ ምን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ከዚህ በታች የኩሬቶች መንገድ የሚባለው በእብነ በረድ የተነጠፈ ጎዳና ይወርዳል። በቀኝና በግራ የንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ የውሃ ምንጭ፣ ለሀድርያኖስ የተሠራው ውብ ትንሽ ቤተ ጣዖት፣ የሕዝብ መታጠቢያና መጸዳጃ ተደርድረዋል፤ ከንጣፉ ሥር የቈሻሻ ውሃ መውረጃው ቦይ አሁንም አለ። በግራ ባለው ዳገት ላይ እርከን በእርከን የተሠሩት የባለጸጎች ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በተሠራ ሰፊ ክዳን ሥር ተጠብቀዋል፤ ግድግዳቸው በቀለም የተሣለ፣ ወለላቸው በጠጠር ኅብር ያጌጠ፣ ውሃ በሸክላ ቧንቧ የሚደርሳቸው፣ በብርድም ወራት ከወለል በታች ሙቀት የሚተላለፍባቸው ነበሩ። አንዱን አዳራሽ የሸፈነው እብነ በረድ በምድር መናወጥ ደቅቆ ከ100,000 በላይ ስብርባሪ ሆኖ ተገኘ፤ ባለሙያዎቹም ያንን ሁሉ እየለዩ ከየቦታው ለመመለስ ሲደክሙ ይታያሉ። ይህን ትዕግሥት ማድነቅ ይገባል፤ በኤፌሶን ዛሬ ቀጥ ብሎ የሚታየው አብዛኛው ነገር ተሰብሮ ከወደቀበት በዚህ ዓይነት ሥራ የተነሣ ነውና።

ከሁሉም የበለጠው ማስረጃ የኬልሶስ ቤተ መጻሕፍት ነው። ጢባርዮስ ዩልዮስ ኬልሶስ በ92 ዓ.ም. በሮሜ የቆንስልነትን ማዕረግ ያገኘ፣ ኋላም የእስያ አውራጃ አገረ ገዥ የሆነ፣ ትውልዱ ግን ከዚሁ ከምሥራቁ የጽርእ ተናጋሪ ሕዝብ የሆነ ሰው ነው። ልጁ አቂላ ለአባቱ መታሰቢያ ይህን ቤት ሲያንጽ፣ መጻሕፍት እንዲገዙበትና ቤቱም እንዲጠበቅበት 25,000 ዲናር ተናዘዘ፤ 12,000 ያህል ጥቅል መጻሕፍት ይይዝ እንደ ነበረም ይነገራል። የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ከውጪው ግድግዳ ተለይቶ በመካከሉ ባዶ ስፍራ ተትቶለታል፤ ይህም እርጥበት ብራናውንና ቀርጣሱን እንዳይበላው ነው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ የዞረው አንባቢው የጧት ብርሃን እንዲያገኝ ሲሆን፣ በሌሎች ሕንጻዎች መካከል ተጣብቆ የተሠራው ሕንጻ ሰፍቶ እንዲታይ የመካከሎቹ ዓምዶች ከዳር ካሉት ይልቅ ገዘፍ ተደርገዋል። በፊቱ ላይ የጥበብ፣ የትሩፋት፣ የልቡናና የእውቀት ምሳሌ የሆኑ አራት ሴቶች ቆመዋል፤ እውነተኞቹ ግን ቪየና ናቸው፤ በስፍራው ያሉት ግልባጮች ናቸው። ኬልሶስ ራሱ ከመጻሕፍቱ በታች፣ በምድር ቤት፣ በእብነ በረድ ሣጥን ተቀብሯል። የሮሜ ሕግ በከተማ ውስጥ መቃብርን ለጥቂቶች ብቻ ይፈቅድ ነበርና፣ ይህን ክብር ማግኘቱ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል። በ3ኛው መቶ ዓመት የቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በእሳት ጠፋ፤ ፊቱም በኋላ ዘመን ወደቀ፤ ከ1970 እስከ 1978 ኦስትርያውያን ሊቃውንት ስብርባሪውን እየገጣጠሙ ዳግመኛ አቆሙት።

በአጠገቡ ባለው በር ላይ የተቀረጸውን የጽርእ ፊደል መምህር በጣታቸው እየተከተሉ ጥቂት ቆዩ። በሩን ያሠሩት ማዜዎስና ሚትሪዳጦስ የተባሉ፣ ከባርነት ወጥተው በአውግስጦስ ቤት ነፃ የተደረጉ ሁለት ሰዎች መሆናቸውን ብነግራቸው፣ «ባሪያ የነበረ ሰው ለጌታው እንዲህ ያለ በር!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይኸው ፊደል በአክሱም ነገሥታት ገንዘብና በኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ ላይ እንዳለ አስታወሱኝ።

ታላቁ ቴአትር የፓናይር ተራራን ጎን ጠርቦ የተሠራ ሲሆን 25,000 ያህል ሰው እንደሚይዝ ይገመታል። በግብረ ሐዋርያት 19ኛ ምዕራፍ የተጻፈው ሁከት የሆነው እዚህ ነው። ጳውሎስ በጢራኖስ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ከአስተማረ በኋላ፣ የአርጤምስን ቤተ መቅደስ አምሳል በብር እየሠሩ ለመንገደኛ የሚሸጡ አንጥረኞች ገበያቸው ሲቀዘቅዝ አዩ፤ ድሜጥሮስም የሙያ ጓደኞቹን ሰብስቦ አስነሣቸው፤ ሕዝቡ ጋይዮስንና አርስጥሮኮስን እየጎተተ ወደ ቴአትሩ ገባ፤ ሁለት ሰዓት ያህልም የአርጤምስን ታላቅነት እየጮኸ ቆየ። የሳሉታሪስን ጽሑፍ አይቶ ወደዚህ የመጣ ሰው የድሜጥሮስ ቍጣ ከምን እንደ መነጨ ይገባዋል፤ የብርና የወርቅ ምስል በዚች ከተማ የእምነት ምልክት ብቻ ሳይሆን ብዙ ሰው የሚበላበት እንጀራ ነበረ። መምህር ከታችኛው መቀመጫ አረፍ ብለው ዙሪያውን ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ጳውሎስ ሊገባ ሲል ደቀ መዛሙርቱ የከለከሉት በየትኛው በር ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። በሩን ላሳያቸው አልቻልሁም፤ ጥያቄያቸው ግን የቦታውን ግዝፈት ከማናቸውም የመለኪያ ቍጥር ይልቅ አስረዳኝ። ሁከቱን ያበረደው የከተማይቱ ጸሐፊ የተናገረውም እዚህ ሲታሰብ ትርጉሙ ይጐላል፤ ፍርድ ቤት አለ፣ አገረ ገዥዎችም አሉ፣ ስለዚህ ስብሰባ ግን ለሮሜ የምንሰጠው ምክንያት የለንም ማለቱ፣ ሕዝቡን ያስፈራው የሮማውያን ቅጣት እንደ ነበረ ያሳያል። ያም ሆኖ በአደባባይ በአንድ ቃል መጮህ የኤፌሶን ሕዝብ ልማድ ነበረና፣ ይህን ልማድ ወደ ኋላ እንደገና እናገኘዋለን።

ከቴአትሩ ፊት ለፊት በንጉሠ ነገሥት አርቃድዮስ ዘመን የታደሰው፣ ርዝመቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሰፊ ጎዳና በቀጥታ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ሌሊት በፋኖስ ይበራ እንደ ነበረ ጽሑፍ ተገኝቶበታል። መንገደኛው በዚህ ጎዳና መጨረሻ መርከብ ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን ሸንበቆ ነው። ባሕሩ ዛሬ ከዚያ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ርቋል። ይህን ያደረገው ጥንት ካይስትሮስ፣ ዛሬ ኩቹክ ሜንዴሬስ የሚባለው ወንዝ ነው፤ ከተራሮች የሚያወርደውን አፈር በየዓመቱ በባሕሩ ሰላጤ ላይ ያፈሳል። የኤፌሶን ሰዎች ከዚህ ወንዝ ጋር ለብዙ መቶ ዓመታት ታግለዋል፤ ትግላቸውም ከጦርነቶቻቸው ሁሉ ይልቅ ሊዘከር የሚገባው ነው። የጴርጋሞኑ ንጉሥ አታሎስ ፊላደልፎስ የወደቡ አፍ ቢጠብብ ጥልቀቱ ይጨምራል ብለው የመከሩትን መሐንዲሶች ሰምቶ በባሕሩ ውስጥ ግንብ አሠራ፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ቀድሞ የባሕሩ ማዕበል እየገባና እየወጣ ይጠርገው የነበረው ደለል በግንቡ ታግዶ በወደቡ ውስጥ ተከማቸ። በንጉሡ በኔሮን ዘመን አገረ ገዥው ባሬያ ሶራኖስ ወደቡን አስጠረገ፤ በ129 ዓ.ም. ሀድርያኖስ የወንዙን መንገድ አስለወጠ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን በ2ኛው መቶ ዓመት አንቶንዮስ አልቦስ የተባለ አገረ ገዥ ያወጣው ትእዛዝ ነው፤ እንጨትና ድንጋይ የሚያወርዱ ነጋዴዎች የወደቡን ዳር በሸክም እንዳይሰብሩ፣ እብነ በረድ ሰንጣቂዎችም የመጋዙን ትቢያ ወደ ውሃው እንዳይጥሉ ይከለክላል። ከተማይቱን ያስጌጠው እብነ በረድ ራሱ ትቢያው ወደቧን ይሞላ ነበር። በ3ኛው መቶ ዓመት ጎቶች የአርጤምስን ቤተ መቅደስ አጠፉ፤ የምድር መናወጥም ብዙ አፈረሰ፤ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ግን ኤፌሶን እንደገና ታንጻለች። ልታሸንፈው ያልቻለችው ጠላት ደለሉ ብቻ ነው፤ መርከብ የማይደርስበት ወደብ ነጋዴ አያመጣምና፣ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወደ አያሶሉክ ኮረብታ ተመለሰ።

ከወደቡ ረግረግ ጥቂት ወደ ሰሜን፣ ሳርና ቍጥቋጦ በወረሰው ሜዳ ውስጥ፣ እጅግ ረጅምና ጠባብ የሆነ ሕንጻ ፍርስራሽ አለ። የማርያም ቤተ ክርስቲያን ይህ ነው፤ ከ200 ሜትር በላይ ርዝመት ካለው የሮማውያን አዳራሽ ተከፍሎ የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬ የሚታየው ግንብ ከጉባኤው በኋላ የተሠራ ነው የሚሉ ሊቃውንት ቢኖሩም፣ አባቶች የተሰበሰቡት ማርያም በተባለች ቤተ ክርስቲያን መሆኑን የጉባኤው መዝገብ ራሱ ይመሰክራል። በ428 የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ንስጥሮስ እመቤታችን ወላዲተ አምላክ ልትባል አይገባም ብሎ ስለ ተነሣ፣ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ጳጳሳቱ ለ431 ዓ.ም. በዓለ ጰራቅሊጦስ በኤፌሶን እንዲገናኙ አዘዘ። የእስክንድርያው ቄርሎስ ግብፃውያን ጳጳሳቱን ይዞ በጊዜው ደረሰ፤ የከተማይቱም ጳጳስ ሜምኖን አብሮት ቆመ፤ የአንጾኪያው ዮሐንስና የምሥራቅ ጳጳሳት ግን ዘገዩ። ሙቀቱ ጸና፤ ጳጳሳቱ ይታመሙ ጀመር፤ የሞቱም ነበሩ። ሰኔ 22 ቀን እንደ ሮማውያን አቈጣጠር፣ የንጉሡ እንደራሴ ካንዲድያኖስ እየተቃወመ፣ 68 ጳጳሳትም እንዲዘገይ በፊርማቸው እየጠየቁ፣ ቄርሎስ ጉባኤውን ከፈተ። ቄርሎስ ለንስጥሮስ የጻፈው መልእክት በኒቅያው ሃይማኖት ተመዝኖ ጸደቀ፤ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመጣው ንስጥሮስ በዚያው ቀን ተሻረ።

ሕዝቡ ከጧት እስከ ማታ በደጅ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ውሳኔው በተሰማ ጊዜ ጳጳሳቱን በችቦ እያበራ፣ ሴቶችም በፊታቸው ዕጣን እያጠኑ፣ እስከ ማረፊያቸው እንደ ሸኟቸው ቄርሎስ ወደ እስክንድርያ በላከው ደብዳቤ ጽፏል። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ስለ አርጤምስ የጮኸው ሕዝብ የልጅ ልጆች፣ ከዚያው ቴአትር ብዙም ሳይርቁ፣ ያንኑ የአደባባይ ልማዳቸውን ለወላዲተ አምላክ አዋሉት። ይህን ማለት የጉባኤውን ክብር አያሳንስም፤ ውሳኔው የጥቂት ሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የአንዲት ከተማ ሕዝብ ደስታ እንደ ነበረ ያሳያል እንጂ። ከአራት ቀን በኋላ ዮሐንስ ዘአንጾኪያ ደርሶ የራሱን ጉባኤ አድርጎ ቄርሎስንና ሜምኖንን ሻረ፤ ንጉሡም ንስጥሮስን፣ ቄርሎስንና ሜምኖንን አስያዘ፤ ዕርቁ እስከ 433 ዘገየ።

ከዚህ ስፍራ ወደ አገራችን የተላለፈው ነገር ስም ብቻ አይደለም። በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ በቀጥታ የተመለሰው ቄርሎስ የተባለው መጽሐፍ፣ ቄርሎስ ለቴዎዶስዮስ ስለ ርትዕት ሃይማኖት ከጻፈው ሌላ፣ የዕንቆራው ቴዎዶጦስን፣ የመሊጤኔው አካክዮስን፣ የቂሣርያው ፊርሞስንና በጉባኤው የነበሩ የሌሎች አባቶችን ቃል ይዟል። መምህር እነዚህን ስሞች አንድ በአንድ እየጠሩ በፍርስራሹ ውስጥ ከምዕራብ እስከ መቅደሱ ድረስ ሄዱ፤ ስሞቹን የሚጠሯቸው በአንድ ወቅት አብረዋቸው የተማሩ ሰዎችን በሚያነሱበት አኳኋን ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት የኤፌሶን ሊቀ ጳጳስ የነበረው ሂጳጥዮስ፣ ድኾች ያለ ክፍያ በክብር እንዲቀበሩ ያወጣው ሥርዓትም በዚሁ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ተጽፎ ተገኝቷል፤ ይህንም ስነግራቸው እጅግ ደስ አላቸው።

ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር አንሥቼ ተከራከርን። ቄርሎስ አራት ቀን ብቻ ቢታገሥ ኖሮ የሁለት ዓመቱ መለያየት አይቀርም ነበርን ብዬ ብጠይቅ፣ መምህር ዮሐንስ ራሱ ብዘገይ ሥራችሁን ጀምሩ ብሎ በሁለት ጳጳሳት አፍ ልኮ እንደ ነበረ ጠቅሰው መለሱልኝ፤ ከዚያም ፊታቸውን ወደ ሸንበቆው መልሰው ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ይህ ረግረግ ያን ጊዜም ነበረ?» አሉ። ወደቡ በዚያ ዘመን ጨርሶ ባይዘጋም ደለሉ እየሞላው እንደ ነበረ ነገርኋቸው። «እንግዲያው ጳጳሳቱ በሰኔ ሙቀት ከረግረግ ዳር ከርመው ባይታመሙ ነው የሚደንቀው! እኛ ሙቀቱ ጸና እያልን እናስተምራለን እንጂ፣ ንዳዱ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቀን ተማሪ የለም።» የጥንት ጸሐፊዎች ሙቀቱንና ሕመሙን እንጂ ረግረጉን በምክንያትነት አልጠቀሱምና ይህ የመምህር ግምት ነው፤ ለእኔ ግን ደኅና ግምት ሆኖ ታየኝ፤ እንዲህ ከሆነ ከተማይቱን ኋላ የገደላት ደለል፣ ጉባኤው ሳይዘገይ እንዲከፈት ቄርሎስን ካስቸኰሉት ነገሮች አንዱ ነበረ ማለት ነውና። መምህር ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ሸንበቆው ያለውን ርቀት በእርምጃቸው እየለኩ ሄዱ፤ ቍጥሩንም ለተማሪዎቻቸው ለመንገር እንዳይረሱት በማስታወሻዬ ጻፍሁላቸው።